የንብ ሰው

አካላ፣ ስቶክሆልም
መጋቢት 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዕንባቆም፣

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናህን ይጠብቅልኝ። ደሚቱና ልጆቹ፣ ደጃፍህን የሚረግጠው ሁሉ እንደምን አለ? እኔ፣ ክብር ለእርሱ ይሁንና፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህን ወረቀት ስታይ ጽሕፈቱ እንግዳ ይሆንብሃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንተ የምትጽፈው እህትህ ነበረች፤ የእኔ ድርሻ ከታች «ዓምደሚካኤልም ሰላም ብሏል» መባል ነበር። አንዳንዴማ ሳልጠየቅ ነው ሰላም የምለው። አሁን እሷ የለችም፣ ሰላምታውን ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ መቆሙን ታውቃለህና ፊደል ብገድፍ እለፈኝ።

የአርባ ቀን ተዝካሯን በየካቲት አወጣን። ሰው መጣ፣ አጽናናን፣ ሄደ። ልጃችን ሰሎሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን፤ የእናቷ ነገር ሲነሳ ግን ሁለታችንም ቋንቋ ያጥረናል። ሌላው ቀን ጸጥ ያለ ነው። በሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረፋ ስይዝ እጄ ለምዶ ሁለት ማሽን ይይዛል። አንዱን እሞላለሁ፣ ሌላው አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ደግሞ የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ። ምንትዋብን ታውቃታለህ፤ ዜና ሰምቼ አንድ ነገር ካልኩ እሷ ሌላ ሳትል አታድርም። «አንተ እኮ ሳትሰማ ነው የምትፈርደው» ትለኝ ነበር። አሁን እፈርዳለሁ፣ ፍርዴን የሚሽርብኝ የለም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሙት ዓመቷ ጥር 12 ነው። እዚህ የምናበራው ሻማ የሱቅ ነው፤ ያበራል እንጂ አይሸትም። እሷ ደግሞ የአገሯን ጧፍ ሽታ ስትናፍቅ ነው የኖረችው። ከዳንግላ የሰም ጧፍ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ላክልኝ። ስለ ራስህም ጻፍልኝ። ደብዳቤህን አንብባ ለእኔ የምትነግረኝ ደህና መሆንህን ብቻ ነበር፤ ምን ሥራ ላይ እንዳለህ እንኳ አላውቅም።

አማችህ
ዓምደሚካኤል


ዳንግላ
ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዓምደሚካኤል፣

ስለ እኛ የተገረፈው መድኃኔ ዓለም በሰው አገር ብቻዎን አይተውብኝ። ከነሰሎሜ እንደምን ከረሙ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ስግደቱ ወገባችንን ቆርጦታል እንጂ።

ጽሕፈትዎን ሳይ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የምንቴ አለመሆኑን አውቄ፣ ደግሞ የእርስዎ በመሆኑ ደስ ብሎኝ፣ ሁለቱ ተቀላቀሉብኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። ይህች ምንቴ፣ ሁልጊዜ «ነግሬዋለሁ» ትለኝ ነበር። እኔ እንግዲህ የንብ ሰው ከሆንኩ አምስት ዓመት አለፈኝ። የቀጠረኝ ወረዳው ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞርኩ ገበሬው ንብ እንዲይዝ አስተምራለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው የአባቴን አልለቅም እያለ አስቸግሮኝ ነበር። ዘንድሮ ግን አሮጌውን ጥሎ ወደ እኛ የማይመጣ የለም። ንባችን በርትቷል። እግዚአብሔር ከፈቀደ እንዲህ ያለ ውጤት በዚህ ወረዳ ታይቶ አይታወቅም።

የጧፉን ነገር ለእኔ ይተዉት። ለእህቴ ይህን ካላደረግሁ ምኑን ወንድም ሆንኩ?

ወንድምዎ
ዕንባቆም


አካላ፣ ስቶክሆልም
ሰኔ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ዕንባቆም፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቤተሰብዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

የጸሎተ ሐሙስ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። በምርጫው ወረቀት ላይ የገዢው ፓርቲ ምልክት ንብ መሆኑን እዚህ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን ንብ ማስያዝ ምን እንደሆነ ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰውም ይገባዋል።

በዚህ ወር አዲስ አበባ ሰው ሲገደል፣ መሐል ከተማ ሰርጌል አደባባይ ወጥተን ሻማ ይዘን ቆምን። ነፋስ ነበር፣ ሻማው እየጠፋ አስቸገረን። የእርስዎ ደብዳቤ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ደጀኔ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ብዙ ዘመን አብረን ባቡር ስናጸዳ የኖርን፣ በቤተ ክርስቲያንም ጎን ለጎን የምንቆም። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ መለሰልኝ።

«ይኼማ አማች አይደለም» አለኝ፣ «ካድሬ ነው።»

ከአካላ ጣቢያ እስከ ቤቴ ብቻዬን ስሄድ፣ ምንትዋብ ይህን አለመስማቷ ደግ ሆነ አልኩ። ስለዚህ ጧፉን አይላኩ። በሱቅ ሻማ እናስባታለን።

ዓምደሚካኤል


ዳንግላ
ሐምሌ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዓምደሚካኤል፣

ከዚህ ዶፍ እኛን ያስጠለለ አምላክ እርስዎንም ያስጠልልልኝ።

ደብዳቤዎን ለደሚቱ ሳነብላት «አቶ» የሚለው ላይ ስደርስ «ይኼ ለማነው?» አለችኝ። እኔም ቤታችን ውስጥ ሌላ ዕንባቆም ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ጋሼ፣ በሠርግዎ ዕለት ከረሜላ በእጄ አስጨብጠው «አንተ ጎረምሳ፣ እህትህን ልወስድብህ ነው» ያሉኝ ትዝ ይለኛል። አንተ ያለኝ ሰው ዛሬ እርስዎ ሲለኝ፣ ዕቃዬን ይዤ ከቤት እንድወጣ የተነገረኝ ያህል ሆነብኝ።

ከዚያ ወደ ታች ሳነብ ግን ደሚቱ ሳቋ አላስቀጥል አለኝ። ጋሼ፣ የእኔ ንብ የሚበረው ነው። የሚናደፈው፣ ማር የሚሠራው። እኔ የወረዳው የንብ እርባታ ሠራተኛ ነኝ። «አሮጌውን ጥለው ወደ እኛ መጡ» ያልኩት ከጭቃና ከሸምበቆ የሚሠራውን የአባት ቀፎ ትተው የሳጥኑን ቀፎ መያዛቸውን ነው። ውጤት ያልኩትም ማሩን ነው።

ለነገሩ እርስዎ ብቻ አይደሉም። በሚያዝያ የአንድ ገበሬ ቀፎዎች ባዷቸውን ተገኙና «ንቡ ጥሎ ጠፋ» ብዬ ሪፖርት ብጽፍ፣ አለቃዬ አስጠርቶ በዚህ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም አለኝ። ታዲያ ምን ልበል ብለው፣ «ለጊዜው አልተገኘም በል» አለኝ። ገበያ ስወጣ ደግሞ ሰው «ንብ እንዴት ነው?» ይለኛል። የማሩን ይሁን የመንግሥቱን እንደሚጠይቀኝ አላውቅም። ደህና ነው ብል አንዱ ይቀየመኛል፣ ታሟል ብል ሌላው።

ጧፉ የተሠራው ከዚሁ ንብ ነው። ሰሙን ከራሴ ቀፎ አወጣሁት፣ ፈትሉን ደሚቱ ፈተለችው። አይላኩ ስላሉኝ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ወንድምዎ፣ አቶ ያልሆነው
ዕንባቆም


አካላ፣ ስቶክሆልም
መስከረም 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ ዕንባቆም፣

አሮጌውን ዓመት ከነጥፋታችን አሳልፎ አዲሱን የሰጠን ጌታ ይመስገን። አንተን፣ ደሚቱን፣ ቀፎህንም ይባርክ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። «ለጊዜው አልተገኘም» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ጎረቤቴ ልብሷን ይዛ ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ከዚህ ቀደም ስስቅ አይታኝ አታውቅም መሰለኝ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ምንትዋብ ከማሽኑ ኋላ «ሳትሰማ ፈረድክ አላልኩህም?» የምትለኝ መሰለኝ። አዎን፣ ፈረድኩ። አቶ ስላልኩህ ይቅር በለኝ።

ለምን እንደዚያ እንደነደድኩ ልንገርህ። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ቀረ፤ መቃብሩን አላውቀውም። እሱን ከቁጥር ያስገባው ሰው የለም፣ እንደ ሰውም እንደ ሬሳም። ግንቦት 7 ቀን ሰሎሜ በኮምፒውተሯ የምርጫውን ሰልፍ አሳየችኝ። ሕዝቡ በብርድ ጋቢ ለብሶ ቆሟል፣ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። እያንዳንዱ ሰው ሊቆጠር ነው የመጣው። አለቀስኩ። ሰሎሜ ደንግጣ ሻይ አፈላችልኝ። በኋላ ጥይት ሲመጣ፣ የተተኮሰው በዚያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

አሁን ልቤ ተመለሰ። ለደጀኔም «ካድሬ አይደለም፣ ከእኛው ነው» ብዬ ነገርኩት። እሱም እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ጧፉን ላክልኝ።

አማችህ
ዓምደሚካኤል


ዳንግላ
ጥቅምት 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዓምደሚካኤል፣

አደይ ያሳየን አምላክ ለሙት ዓመቱም በጤና ያድርስዎ። የወንድምዎን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ምንቴ ስለ እሱ ነግራኝ አታውቅም።

አንተ ስላሉኝ ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ለደሚቱ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «ከእኛው ነው» የሚለውን ግን ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ አለፍኩት። ከዚያ ቀፎ ስከፍት፣ ንብ ሳጨስ፣ ማር ስቆርጥ ያው ቃል ይከተለኝ ጀመር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን ጧፉ የሚበራው በእህቴ ስም ነው፤ ከእኔ ውሸት ጋር እንዲበራባት አልፈለግሁም።

ካድሬ አይደለሁም፣ የፓርቲም አባል አይደለሁም። ግንቦት 7 ቀን ግን የመረጥኩት ንብን ነው።

በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሼ ወደ ጦር ሜዳ ስላክ አሥራ ስምንት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስወጋ የኖርኩት ዛሬ የሚገዙንን እነዚህኑ ሰዎች ነው። ከተማረክህ ያርዱሃል ተብለን ነበር። የማረከኝ ልጅ፣ እኩያዬ ነው፣ ከኮዳው ውሃ አጠጣኝና «ጫማህ የት ሄደ?» አለኝ። ኋላም ለቀቁኝ፤ እያነከስኩም ቢሆን በእግሬ እናቴ ቤት ገባሁ። ይህ ፖለቲካ አይደለም ይሉኝ ይሆናል፣ አይደለምም። ወረቀቱ ላይ ምልክት ሳደርግ ግን የታየኝ ያ ልጅ ነው። ደግሞ «ለውጥ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ልጆቼን ከገበያ የሚያፍስ ሰው ይመጣብኛል። ፈሪ ቢሉኝ አልቀየምም።

ያ ያስለቀሰዎት ሰልፍ፣ ጋሼ፣ የእኛ አገሩም እንደዚያው ነበር፤ እኔም ቆሜበታለሁ። ሳይነጋ ነው የወጣሁት። ከፊቴ የቆመው ቀለመወርቅ የሚባል ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ የመጣው ለተቃዋሚዎቹ፣ ለሁለት ጣቱ ምልክት ነው፤ ተደባብቀንም አናውቅ። ብርዱ እንዳንቀጠቀጠኝ አየና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «ና ግባ፣ ንብ ብርድ አይችልም» አለኝ። በአንድ ጋቢ ሆነን ቆሎ ስንቆረጥም ነጋልን። እሱ ገብቶ የእሱን መረጠ፣ እኔ ገብቼ የእኔን።

በሰኔ የሆነውን ሰምቻለሁ። እኔ ያንን አልመረጥኩም። አልመረጥኩም ማለት ይበቃ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጧፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጥቅል ልኬዋለሁ። ይህን አንብበው ማብራት ካልፈለጉ አይጣሉት፣ ለቤተ ክርስቲያን ይስጡት።

ወንድምዎ
ዕንባቆም


ዳንግላ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዓምደሚካኤል፣

ልደቱን ለማየት ያብቃዎት። ጥቅሉ ደርሶዎት ይሆን? መልስዎን ስጠብቅ ቆየሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የቀለመወርቅ ልጅ እዚያ ተማሪ ነው፤ በጥቅምቱ ግርግር ተይዞ የት እንደታሰረ ጠፋበት። አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስለ እህልና ስለ ዝናብ ስናወራ ቆይተን፣ ዓባይ በረሃ ስንወርድ በመስኮት እያየ «ንብህ ነደፈችኝ» አለኝ። እጁን ያዝኩት፣ አልነጠቀኝም። ልጁ ያለበትን አወቅን፤ ልናየው ግን አልተፈቀደልንም።

ጋሼ፣ ቢቆጡ እውነት አለዎት። ይቆጡኝ። ዝም ግን አይበሉኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እህቴን «ምንቴ» ብሎ የሚጠራት እርስዎና እኔ ብቻ ቀርተናል። እርስዎ ከዘጉኝ ይህን ስም ለማን እጠራዋለሁ?

ዕንባቆም


አካላ፣ ስቶክሆልም
ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ ዕንባቆም፣

ለሕያዋን ዕድሜ፣ ለሙታን ዕረፍት የሚሰጥ ጌታ ቤትህን ይጎብኝልኝ።

ጥቅሉ ደርሶኛል። በኅዳር ነው የደረሰኝ። ኪስታ ገበያ ማዕከል ውስጥ ካለው የጥቅል መቀበያ አወጣሁትና፣ ሰው ዕቃውን እየገፋ በጎኔ ሲያልፍ፣ እዚያው ቆሜ ከጥቅሉ ደብዳቤህን ብቻ አውጥቼ አነበብኩ። ቤት ስገባ የጧፉን ጥቅል ሳልፈታ የምንቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሻርፖቿ አጠገብ ከተትኩት። ካላየሁት የሚቀር መስሎኝ። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ግን ሽታው ይቀድመኛል። ሻርፖቿ ሁሉ ሰም ሰም ይሸቱ ጀመር።

መልስ ያልጻፍኩልህ የምለው ስለጠፋኝ አልነበረም። በየቀኑ ደብዳቤህን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ድምፄን አውጥቼ ስከራከርህ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ሰሎሜ በሩን ከፍታ ስትገባ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከአጎትሽ ጋር አልኳት። ምን ይላል ስትለኝ፣ ያልከውን ሁሉ ነገርኳት፤ የኮዳውን ውሃም የጋቢውንም። ስጨርስ በስዊድንኛ እንዲህ አለች፦ እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስታወራ አይቼህ አላውቅም።

ይህ ቃል ከበደኝ። የሚከራከረኝ አጣሁ ብዬ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ። የሚከራከረኝ ሲመጣ በሩን የዘጋሁትም እኔው።

የሰልፉ ነገር ነው ከሁሉ የጸናብኝ። ያ ሁሉ ሰው ሊቆጠር መጣ ብዬ አልቅሼ ነበር። ለካ ሳለቅስ፣ ሁሉም እኔ የምመርጠውን ሊመርጥ የቆመ አድርጌ ነው የቆጠርኩት። እንደዚያ ከሆነማ ሰልፉ ለምን አስፈለገ? አንተ በብርድ ቆመህ፣ እኔ በሙቅ ክፍል ሻይ እየጠጣሁ ድምፅህን ወሰድኩብህ።

አሁንም በምርጫህ አልስማማም። ያጠጣህን ልጅ እግዚአብሔር ይባርከው፤ ግን የአንድ ኮዳ ውሃ ስንት ዓመት ያስገዛል? አስበህ መልስልኝ። ደስ የሚለኝን ሳይሆን የምታስበውን ጻፍ።

ሙት ዓመቷን እሑድ ጥር 14 አደረግን። ከቅዳሴ በኋላ ሶልና ወዳለው መቃብሯ ሄድን፤ እኔ፣ ሰሎሜና ደጀኔ። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። የጧፉን ጥቅል እዚያ ፈታሁት። ከማብራቴ በፊት ለደጀኔ እውነቱን ነገርኩት፤ ይህን ጧፍ የሠራው አማቼ ንብን መርጧል፣ ከእኛው ነው ያልኩህ ስህተት ነበር አልኩት። የደጀኔ የእህቱ ልጅ በጥቅምት ታስሯል፤ ስለዚህ ቢቆጣም አልፈርድበትም ብዬ ነበር። ፊቱን አዞረ። ከእኛ ራቅ ብሎ በበረዶው ላይ ትንሽ ሄደ። ተመልሶ መጣና ከእጄ አንድ ጧፍ ወስዶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ታዲያስ» አለ፣ «ጧፍ ከንብ እንጂ ከሁለት ጣት ይሠራ ኖሯል?»

ክብሪት ጫርን፣ ነፋሱ አጠፋው። ደግመን ጫርን፣ አጠፋው። ሦስተኛውን ስንጭር ደጀኔ ካፖርቱን ከፈተና «ግባ» አለኝ። እዚያ ውስጥ፣ ደረቱ ሥር፣ ተያያዘልን። ሰሎሜ የእናቷን ሻርፕ ለብሳ ነበር። ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየችና፣ በአማርኛ «ፓፓ፣ ይኼ ሽታ ምን ይባላል?» አለችኝ። ሰም አልኳት። ሰም፣ አለች ደግማ።

ምንቴን ስለሰጠኸኝ፣ እውነቱንም ስላልነፈግኸኝ እግዚአብሔር ይስጥህ።

አማችህ
ዓምደሚካኤል

ለቀለመወርቅ ንገርልኝ፤ ወንድሜን ጋቢው ውስጥ ስላስገባልኝ አመሰግነዋለሁ። የልጁን የክርስትና ስም ጠይቀህ ላክልኝ። ያንተን ስም በጸሎት ስጠራ አብሬ እጠራዋለሁ። ከጧፉ እኩሌታውን ለልጁ ላበራለት አስቀርቼዋለሁ።